ደን ነው ወይስ እርሻ? የጌዴኦ ምድር ለአካባቢ ጥበቃ ተማሪ የሚያቀርበው ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ዲላ ከተማ ይደርሳል። ከዲላ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋጨፌ ሲያቀና በግራና በቀኝ የሚታዩት ተራሮች ከግርጌ እስከ አናታቸው በዛፍ የተሸፈኑ ናቸው። አካባቢውን የማያውቅ ሰው ጥቅጥቅ ያለ የተፈጥሮ ደን ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ከዛፎቹ ሥር ገባ ብሎ ለተመለከተ ግን ደን የመሰለው ሁሉ የአርሶ አደር ማሳ ነው። እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው። ከዛፉ ሥር እንሰትና ቡና፣ በእነርሱ መካከል ጎመንና ጎዳሬ፣ ጥቂት እልፍ ሲሉም የሰው መኖሪያ ቤት ይገኛል።

ታዲያ ይህ ምድር ደን ነው ወይስ እርሻ? ጥያቄው ሲታይ የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ይሁንና የአንድ ገበሬ ቡና ገበያ ማግኘት አለማግኘቱ፣ የሀገሪቱ የደን ሽፋን ስንት በመቶ ተብሎ መመዝገቡ፣ የትኛው ሕግና የትኛው መሥሪያ ቤት ይህን መሬት እንደሚመለከተው መወሰኑ በመልሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መልሱን የሚሰጡት ደግሞ በአንድ በኩል ዛፍ የሚለኩ፣ በሌላ በኩል አዋጅ የሚያረቁ ሰዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የአካባቢ ጥበቃንና የአካባቢ ፖሊሲን ሙያው ለማድረግ ያሰበ ተማሪ ከጌዴኦ ምድር ምን ሊማር እንደሚችል እንመለከታለን።

ፎቅ በፎቅ የተሠራ ማሳ

የጌዴኦ ዞን የሚገኘው በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ነው። በቆላው በኩል ከ1,500 ሜትር በታች ይጀምርና በደጋው በኩል ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። መሬቱ በአብዛኛው ተዳፋት ነው። እንዲህ ያለ ተዳፋት ተመንጥሮና ታርሶ እህል ብቻ ቢዘራበት ኖሮ የላይኛው ለም አፈር በጥቂት ክረምቶች ታጥቦ ባለቀ ነበር። የጌዴኦ አርሶ አደር መሬቱን በማረሻ አያገላብጥም፤ ዕፅዋትን በከፍታቸው ደረጃ በደረጃ አስቀምጦ ያለማል። ባለሙያዎች ይህን የአመራረት ዘዴ ጥምር የደን ግብርና ይሉታል።

በላይኛው እርከን ላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ሾላና ዝግባን የመሳሰሉ ትልልቅ ዛፎች ይገኛሉ። ከእነርሱ ሥር ሰፋፊ ቅጠሎቹን የዘረጋው እንሰት ይቆማል። ቡናና ሌሎች ቁጥቋጦዎች ሦስተኛውን እርከን ይይዛሉ። ከሁሉም በታች፣ መሬት ለመሬት፣ የጓሮ አትክልትና ሥራሥር ይበቅላል።

የዚህ አደረጃጀት ጥቅም ከሥነ-ሕይወት አንጻር ሲመረመር በቀላሉ የሚገባ ነው። የዐረቢካ ቡና የተገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች ሥር በመሆኑ ጥላ ይስማማዋል። ጥላው የቀትሩን ሙቀት ያበርዳል፤ የአፈሩንም እርጥበት ይጠብቃል። ብርብራ የአተርና የባቄላ ዘመድ ሲሆን፣ በሥሮቹ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅንን ወስደው ተክሎች ሊጠቀሙበት ወደሚችሉት ውህድ ይለውጡታል። ይህ ዛፍ በተፈጥሮው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ መሆኑም ሊታወስ ይገባል። ከዛፎቹ የሚረግፈው ቅጠል በስብሶ ወደ አፈሩ ይመለሳል። የዝናቡም ጠብታ በቀጥታ አፈሩን አይመታም። በመጀመሪያ ዛፉ፣ ቀጥሎ የእንሰቱ ቅጠል፣ በመጨረሻም መሬት ላይ የተነጠፈው ርጋፊ ኃይሉን ይሰብሩታል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የእንሰት ድርሻ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። እንሰት ለምግብነት እስኪደርስ ዓመታትን ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን እንደ እህል የተወሰነ የመከር ወቅት አይጠብቅም። ባለቤቱ በፈለገው ጊዜ ቆርጦ ቆጮውንና ቡላውን ያዘጋጃል። በመሆኑም ለድርቅና ለክፉ ቀን በመሬት ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። የጌዴኦ ምድር ብዙ ሕዝብ መሸከም የቻለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዞኑ 847,434 ሰዎች ተመዝግበዋል። የዞኑ ስፋት 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 700 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው። ይህ ከጊዜው የሀገሪቱ አማካይ በአሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ብዙ ሕዝብ ባለበት ደን ይጠፋል የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ ላይ ሲደርስ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ሳይንስ የቆጠረው

የጌዴኦ አርሶ አደር ይህን ዕውቀት ከአባቶቹ ተቀብሎ ሲሠራበት ኖሯል። ዕውቀቱ ከአካባቢው ውጭ ባለ ሰው ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ግን በሳይንስ ቋንቋ መጻፍ ነበረበት። ከዚህ አኳያ ተጠቃሽ የሆኑት ታደሰ ኪፔ ናቸው። ለዶክትሬት ዲግሪያቸው የጌዴኦን የመሬት አጠቃቀም አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ ለሚገኘው ለዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቅርበዋል። የጥናቱ ርዕስ በአማርኛ «አምስት ሺህ ዓመታት ዘላቂነት?» እንደማለት ነው። ርዕሱ በጥያቄ ምልክት መደምደሙን ልብ ይሏል። ሳይንቲስት የሚያደንቀውን ነገር እንኳ ይጠይቃል።

ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ መሰለ ነጋሽ የተባሉ የደን ተመራማሪ በዚሁ ተዳፋት ላይ የሚገኙትን ማሳዎች መርምረው ለሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናት አቀረቡ። እርሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ በማሳዎቹ ውስጥ 58 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መመዝገባቸውን፣ ከእነዚህም 86 በመቶ የሚሆኑት ሀገር በቀል መሆናቸውን አስታውቀዋል። ሰው በየዕለቱ በሚመላለስበት የእርሻ መሬት ውስጥ ይህን ያህል ሀገር በቀል ዛፍ መገኘቱ ማሳው የብዝኃ-ሕይወት መጠለያም ጭምር መሆኑን ያመለክታል።

እንዲህ ያሉ ጥናቶች ከተከማቹ በኋላ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የተመዘገበው ስፍራ 29,620 ሄክታር ይሸፍናል። ቅርሱ ማሳዎቹን ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰቡ የሚያከብራቸውን የተቀደሱ ደኖችና በተራሮቹ ጫፍ ላይ የሚገኙትን ትክል ድንጋዮች ያጠቃልላል። ምዝገባው መሬቱን ብቻውን አያስከብርም። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ የባሌ ሥርዓት የሚከበርበት ማኅበረሰብ እስካለ ድረስ ነው ቅርሱ ቅርስ ሆኖ የሚቆየው።

ትርጉም የሚያስከትለው ጣጣ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ደን ማለት ምን ማለት ነው? የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እንደሚለው፣ ስፋቱ ከ0.5 ሄክታር በላይ የሆነ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር በላይ የሚያድጉና የዛፎቹ አናት ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን ስፍራ ደን ነው፤ ዋና አገልግሎቱ እርሻ ከሆነ ግን አይደለም። ኢትዮጵያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2015 በወሰደችው ትርጉም ዝቅተኛው ስፋት 0.5 ሄክታር፣ ዝቅተኛው ቁመት 2 ሜትር፣ ዝቅተኛው ሽፋን 20 በመቶ ሆኗል።

ቁጥሮቹ ደረቅ ይመስላሉ፤ የሚያስከትሉት ውጤት ግን ቀላል አይደለም። ቀደም ሲል የሀገሪቱ የደን ሽፋን 11 በመቶ ገደማ ተብሎ ይገለጽ ነበር። ከትርጉሙ ለውጥ በኋላ የቀረበው አኃዝ 15.5 በመቶ ነው። ጭማሪው በዋናነት የመጣው ቁመታቸው አጠር ያሉ ጥቅጥቅ ያሉ የእንጨት ስፍራዎች በአዲሱ ትርጉም ውስጥ በመካተታቸው ነው። ትርጉም ሲለወጥ፣ አንድ ችግኝ ሳይተከል፣ ካርታ ይለወጣል።

በዚህ መለኪያ የጌዴኦን ማሳ እንየው። ዛፎቹ ከ5 ሜትር እጅግ ይረዝማሉ፤ ሽፋናቸውም ከ20 በመቶ ያልፋል። ስለዚህ ደን ነው ያሰኛል። ነገር ግን የአብዛኛው ገበሬ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ነው፤ ግማሽ ሄክታር የማይሞላውም ብዙ ነው። ማሳው ለብቻው ሲታይ ከስፋቱ መለኪያ ሊያንስ ይችላል፤ ከጎረቤቶቹ ማሳዎች ጋር ሲያያዝ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር ይሆናል። በዚህ ላይ ዋና አገልግሎቱ ምግብና ቡና ማምረት በመሆኑ በፋኦ አባባል እርሻ ነው። ሁለቱም መልሶች ማስረጃ አላቸው።

ጥያቄው ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ወደ ገበያ የገባበት አጋጣሚ ደርሷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባጸደቀው ደንብ መሠረት ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባው፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ካልተመነጠረበት መሬት የተመረተ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ ተለክቶ መቅረብ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደግሞ ዙሪያ ድንበሩ ጭምር ይጠየቃል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ መሠረታዊ ጥያቄው ግን አልተነሣም።

አንድ የይርጋጨፌ ገበሬ ያረጀ ዋንዛ ቆርጦ በጣውላው ዋጋ ልጁን አስተማረበት እንበል። በምትኩም ሁለት ችግኝ ተከለ። ከሰማይ የሚነሣ የሳተላይት ምስል የቡና ጥላን ከተፈጥሮ ደን ለመለየት ይቸገራል። በ2020 «ደን» ተብሎ በካርታ ላይ የተቀባ ስፍራ ከዓመታት በኋላ ክፍተት ሲታይበት ምንጣሮ ሊመስል ይችላል። ደንቡ ራሱ የፋኦን ትርጉም ስለሚከተል ጥምር የደን ግብርናን በእርሻነት ይመድበዋል፤ ስለዚህ ገበሬው ጥፋት የለበትም። ይህን ግን በማስረጃ የሚያስረዳለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ምስሉን ማንበብ፣ ማሳውን መለካት፣ የደንቡንም አንቀጽ መጥቀስ የሚችል መሆን አለበት። የአካባቢ ጥበቃና ፖሊሲ ሙያ ሲባል እንግዲህ ይህ ነው።

ከኸርባሪየም እስከ ድርድር ጠረጴዛ

ሳይንስንና ሕግን በአንድ እጅ መያዝ የሚቻል መሆኑን ሀገራችን በተግባር አይታለች። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በ1932 ዓ.ም. በአድዋ ተወለዱ። በአዲስ አበባ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1963 ተመረቁ፤ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1969 ከዌልስ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1978 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ ቀጥሎም የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት የብሔራዊ ኸርባሪየም ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውን የኢትዮጵያ ዕፅዋት መዝገብ ዝግጅት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩትም እርሳቸው ናቸው። በሌላ አነጋገር ሥራቸውን የጀመሩት ተክልን በስሙ በመለየት ነው።

የኋላው ሥራቸው ሌላ መስክ ይመስላል። የኢትዮጵያን የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ስትራቴጂ ዝግጅት መሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን በኃላፊነት አስተዳደሩ። ዓለም ይበልጥ ያወቃቸው ግን ልውጥ ሕያዋንን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ድርድር ላይ ነው። የአፍሪካ አገሮች ዋና ተደራዳሪ ሲሆኑ፣ በተመሳሳይ አቋም ለተሰባሰቡት ታዳጊ አገሮችም ቃል አቀባይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሎምቢያ ካርታሄና የተካሄደው ስብሰባ ያለ ስምምነት ተበተነ። ካከራከሩት ነጥቦች አንዱ ስምምነቱ ለዘር የሚሆነውን ብቻ ይመልከት ወይስ ለምግብና ለመኖ የሚላከውንም እህል የሚለው ነበር። እዚህም ላይ ክርክሩ የትርጉም ክርክር ነው። እህል ወደ ውጭ የሚልክ አገር አንድ ትርጉም ይስማማዋል፤ የተራድኦ እህል ተቀብሎ ከፊሉን ገበሬው ሊዘራው የሚችል አገር ደግሞ ሌላ። በመጨረሻ የካርታሄና ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 በሞንትሪያል ጸደቀ፤ ለምግብና ለመኖ የሚላከውም እህል ቀለል ባለ ሥርዓት ውስጥ ተካተተ።

ዶክተር ተወልደ በዚያው በ2000 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ዛሬ ተማሪው ከሕይወታቸው ሊወስድ የሚገባው አንድ ነገር አለ። በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የነበራቸው ክብደት የመጣው ከንግግር ችሎታ ብቻ አልነበረም። ስለ ተክልና ስለ ዘር ሲናገሩ የሚናገሩትን ያውቁ ነበር።

ማሳው ላይ የተጋረጠው

የጌዴኦ ሥርዓት ጥንታዊ ነው ማለት አይነካም ማለት አይደለም። ዛሬ በተለይ በቆላውና በወይና ደጋው ክፍል ጫት እየተስፋፋ ነው። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም ቶሎ እጅ ይገባል። ቡና ግን የሚለቀመው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ዋጋውም በሩቅ አገር ገበያ ይወሰናል። ጫት በብዛት የሚለማው ጥላ በሌለበት ገላጣ መሬት ላይ በመሆኑ፣ አንድ ማሳ ወደ ጫት ሲዞር ዛፎቹም እንሰቱም አብረው ይወገዳሉ። ባሕር ዛፍም በበኩሉ ቦታ እየወሰደ ነው። በዚህ ላይ መሬቱ ለልጆች በተከፋፈለ ቁጥር ማሳው ይጠብባል፤ ለትልቅ ዛፍ የሚተርፍ ቦታም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው ብዙዎቹ በዚህ ጠባብ ምድር መጠለላቸውም የሚዘነጋ አይደለም።

ጫት የተከለውን ገበሬ መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የትም አያደርስም። ገበሬው የሚያሰላው የልጁን የትምህርት ቤት ወጪና የማዳበሪያ ሳይሆን የዕለት ጉርሱን ዋጋ ነው። ዛፉን ማቆየት ዋጋ ካላስገኘለት ዛፉ አይቆይም። ከዚህ አንጻር የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ሥራ የሚጠቀስ ነው። ጽሕፈት ቤቱ «ይርጋጨፌ»፣ «ሲዳሞ» እና «ሐረር» የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሣው ውዝግብም እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጨ። በጌዴኦ ተዳፋት ላይ የምትገኝ የአንዲት ከተማ ስም በሕግ የሚጠበቅ ሀብት ሆነ። ስሙን ያስከበረው ሕግ ነው፤ ጣዕሙን የሰጠው ግን የደጋው አየር፣ አፈሩና የዛፉ ጥላ ነው። አንዱ ሲጎድል ሌላው ትርጉም ያጣል።

ለዚህ ሙያ የሚዘጋጅ ተማሪ

እንግዲህ በዚህ መስክ ለመሠማራት የሚፈልግ ተማሪ ምን ይዞ ይነሣ? የመጀመሪያው መለካት ነው። በአንድ ማሳ ላይ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ስፍራ ከልሎ በውስጡ ያሉትን ዛፎች በስማቸው መለየት፣ የእያንዳንዱንም ግንድ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ መለካት ይቻላል። ለቡና ይህ መለኪያ አይሠራም፤ ተክሉ ከሥሩ ጀምሮ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ በዚሁ አካባቢ የተሠራ ጥናት ውፍረቱ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢለካ የተሻለ ግምት እንደሚገኝ አሳይቷል። ከውፍረቱ የዛፉ ደረቅ ክብደት በቀመር ይገመታል። ከዚህ ክብደት 47 በመቶ የሚሆነው ካርቦን ነው ተብሎ ይወሰዳል። ካርቦኑ በ3.67 ሲባዛ ዛፉ ከአየር ላይ የወሰደው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይገኛል። ለዚህ ሁሉ ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል።

ሁለተኛው ሕግ ማንበብ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ፖሊሲ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን ያስተዋወቀው አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998፣ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀምን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ለዚህ ሙያ ሀሁ ናቸው። የሳይንስ ተማሪ አዋጅን የሕግ ባለሙያ ብቻ የሚያነበው አድርጎ መቁጠር የለበትም። በየአዋጁ መጀመሪያ ላይ «ትርጓሜ» የሚል አንቀጽ አለ። ያ አንቀጽ በአብዛኛው የሳይንስ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ማዳመጥ ነው። የትኛው ዛፍ ለቡና ጥላ እንደሚስማማ፣ የትኛው የእንሰት ዓይነት በየትኛው አፈር እንደሚሻል የሚያውቁት ማሳው ላይ የኖሩት ናቸው፤ ዕውቀቱም የሚገኘው በጌዴኡፋ ቋንቋ ነው። የእንሰትን ሥራ ከመትከል ይልቅ ከመፋቅና ከማብላላት ጀምሮ የሚያውቁት ሴቶች በመሆናቸው ወንዶችን ብቻ የጠየቀ ተመራማሪ የሥርዓቱን እኩሌታ አላየም።

የሥራው ስፍራም ሰፊ ነው። የኢትዮጵያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ ደን ልማት፣ የክልልና የዞን መሥሪያ ቤቶች፣ የቡና ላኪዎችና የገበሬዎች ማኅበራት እንዲህ ያለ ባለሙያ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በኮሌጅነት ተመሥርቶ በ2006 ራሱን የቻለው ዲላ ዩኒቨርሲቲ እዚያው የጥናቱ ስፍራ መሐል ይገኛል፤ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅም ከዚያ ብዙ አይርቅም። መሥሪያ ቤቶች ስማቸውና አደረጃጀታቸው ይለዋወጣል። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት እንኳ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ኮሚሽን፣ በኋላም እንደገና ባለሥልጣን ሆኗል። በለውጡ መካከል ዕውቀቱን ይዞ የሚሻገረው ባለሙያው ነው።

የጌዴኦ ማሳ ደንም እርሻም ነው። አርሶ አደሩ ይህን ካወቀ ዘመናት ተቆጥረዋል፤ ሁለቱን ለያይቶ ያየበት ጊዜም የለም። አዋጁና ካርታው ግን እስካሁን አንዱን መርጦ ይጽፋል። ማሳውን ለክቶ፣ ገበሬውን ሰምቶ፣ ለሁለቱም የሚበቃ ትርጉም በአዋጅ ላይ እንዲሰፍር የሚሟገት ትውልድ ያስፈልጋል። ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል እንዲህ ያለ ሰው እንደሚወጣ ተስፋችን ነው። እስከዚያው በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ በቤተሰብ ማሳ ላይ አንድ 20 ሜትር በ20 ሜትር ስፍራ ከልሎ ዛፎቹን በስማቸው መቁጠር ጥሩ ጅማሬ ነው።